የእርድ ቢጫ ቀለም ፊት ላይ፣ ቅባት ውስጥና በካፕሱል፦ መጠኑና አሠራሩ

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ከርኩሚን የሚባል ቀለም ነው። በ1 ኪሎ ደረቅ እርድ ውስጥ የሚገኘው ከርኩሚን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ግራም ቢሆን ነው። የተረፈው ስታርች፣ ቃጫ፣ መዓዛ ሰጪ ዘይትና ጥቂት ውሃ ነው። ስለዚህ የእርድ ግራምና የከርኩሚን ግራም እኩል አይደሉም፤ እርድን ለቆዳም ሆነ ለሆድ ሲጠቀሙ የሚሠሩ ስህተቶች አብዛኞቹ ሁለቱን ከማምታታት ይመጣሉ።

ቀለሙ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ አልኮል በደንብ፣ ዘይት በመጠኑ ያሟሙታል። ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ቢጫነቱን ይጠብቃል፤ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ግን ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጥና ቶሎ ይፈርሳል። ሲበላ ደግሞ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም፤ ያለፈችውንም ጥቂት ጉበት ፈጥኖ ያስወግዳታል።

እርዱን መምረጥና መፍጨት

ኢትዮጵያ ውስጥ እርድ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ ቴፒና አካባቢዋ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ይሰጣል። ውጭ አገር ያላችሁ በአረብና በእስራኤል ሱቆች «ኩርኩም»፣ በህንድ ሱቆች «ሃልዲ»፣ አሜሪካ ደግሞ «ተርመሪክ» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሁሉም ያው እርድ ነው።

ከተቻለ ያልተፈጨውን ይግዙ። ጥሩ እርድ ጠንካራ ነው፤ ሲሰበር ቀጭ ይላል እንጂ አይታጠፍም፤ ውስጡም ወደ ብርቱካን ያደላል። ላዩ ከውስጡ ይልቅ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ሲያሹት መዳፍ ላይ ብዙ ዱቄት የሚተው ከሆነ ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ባንግላዴሽ ውስጥ እርዱን ለማድመቅ ሌድ ክሮሜት የሚባል፣ እርሳስ (ሌድ) የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። እርሳስ በተለይ የልጆችን አንጎል ይጎዳል፤ በመቅቀልም ሆነ በመቁላላት አይጠፋም። ዱቄቱን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ ዝቃጩን ማየት እርሳስን አይለይም፤ ለዚያ ላብራቶሪ ያስፈልጋል። አዮዲን ጠብ አድርጎ «ሰማያዊ ከሆነ የበቆሎ ዱቄት ተቀላቅሎበታል» የሚባለው ምርመራም ዋጋ የለውም፤ እርድ ራሱ በስታርች የተሞላ ስለሆነ ንጹሑም ሰማያዊ ይሆናል።

ለወጥ የሚሆነውን ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ይቻላል። ፊት ላይ የሚቀባውን ግን በርበሬ በሚፈጭበት ወፍጮ አያስፈጩ። ወፍጮው ቢጠረግም የበርበሬው ብናኝ ከድንጋዩ ሥር አይጠፋም፤ «እርድ ፊቴን አቃጠለኝ» ከሚሉት መካከል የተወሰኑት የተቃጠሉት በበርበሬው ነው። ሥሩን ይጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ያድርቁት፣ በሙቀጫ ሰባብረው በቡና መፍጫ በየ30 ሰከንዱ እያሳረፉ ይፍጩት። ማሽኑ ሲግል የእርዱ መዓዛ ይሄዳል። ለፊት የሚሆነውን በስስ ሻሽ ሁለት ጊዜ ይንፉት፤ ሻካራው ዱቄት ቆዳ ይፍቃል። የፕላስቲክ ክዳኑ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ከአሁኑ ይቀበሉት። ዱቄቱን ጨለማ ቦታ በብልቃጥ ከድነው ቢያስቀምጡ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል።

ፊት ላይ

በመጀመሪያ ከእርድ ምን እንደሚጠበቅ። ከርኩሚን መቆጣትን የማብረድ ጠባይ እንዳለው በላብራቶሪና በጥቂት ትናንሽ የሰው ጥናቶች ታይቷል። ቆዳን የሚያነጣ ነገር ግን አይደለም። ማድያት በእርድ ጠፋ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ለአንድ ሁለት ቀን የቆየ ቢጫ ሽፋን ነው። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ትልቁ አደጋ ሌላ ነው፦ ቆዳው በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጠንከር ያለ ማስክ (ፊት ላይ ተለጥፎ የሚታጠብ ድብልቅ) ያጠፋል ከተባለው ነጠብጣብ የባሰ አዲስ ነጠብጣብ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ መሆን አለበት።

ለአንድ ጊዜ የሚሆን ማስክ፦

- 1 የሾርባ ማንኪያ በደንብ የተነፋ የሽምብራ ዱቄት (ከሌለ የሩዝ ዱቄት)
- 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው እርጎ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር
- የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ እርድ፣ ማለትም በሁለት ጣት ጫፍ የምትያዝ ቁንጥር

እርጎው ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ስቡ ከርኩሚኑን ይይዘዋል፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ቀለሙ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። በጾም ቀን በእርጎው ፋንታ 2 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይትና ጥቂት ውሃ ይጠቀሙ። ቀለሙ በዘይት ይበልጥ ስለሚጣበቅ ግን እርዱን በግማሽ ይቀንሱ።

የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የክንድዎን ውስጠኛ ክፍል የሳንቲም ያህል ይቀቡና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጠቡት፤ ከዚያ 48 ሰዓት ይጠብቁ። የእርድ አለርጂ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚያሳክክ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። ቦታው ካላሳከከና ካልቀላ ፊትዎን ይጠቡ፣ ቅንድብና የፀጉር መስመር ላይ ቫዝሊን ይቀቡ (ፀጉሩ ቢጫ እንዳይዝ)፣ ማስኩን በስሱ ይለጥፉና ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት። እስኪሰነጣጠቅ አይጠብቁ፤ የደረቀ ሽምብራ ሲነሣ ቆዳ ይጎትታል። ለብ ባለ ውሃ እያራሱ ያንሡት። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንድ ሙሉ ማንኪያ እርድ ይጨመራል፤ ፊቱ ለሁለት ቀን የጉበት በሽተኛ ይመስላል። ሎሚ ይጨመራል፤ ሎሚ ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ የሚተወው ጥቁረትም ለወራት አይለቅም። ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል፤ ከርኩሚኑ ፈርሶ ድብልቁ የሸክላ ቀለም ይይዛል፣ የቆዳውም የተፈጥሮ ኮምጣጣነት ይበላሻል። የፈነዳ ቡግርና የተከፈተ ቁስል ላይም ዱቄቱን አይነስንሱ። የቅመም ዱቄት ከአፈርና ከማድረቂያ ምንጣፍ የመጣ ባክቴሪያ ይይዛል። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድን ለቁስል መጠቀም እንደ አዲስ ግኝት የፓተንት መብት ተሰጥቶበት ነበር፤ ህንዶች የቆየ ልማዳችን ነው ብለው ስለተከራከሩ በ1997 ተሠረዘ። ልማዱ እውነት ነው፤ ዱቄቱን ንጹሕ ግን አያደርገውም።

ቅባት ለሚሠራ

ለደረቀ ክርን፣ ተረከዝና እጅ ማስኩ ሳይሆን ቅባቱ ይሻላል። 200 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ወይም የጆጆባ ዘይት ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ የራሰ ሳይሆን በደንብ የደረቀ የእርድ ዱቄት ይጨምሩ። ድስት ውስጥ ውሃ አድርገው የዘይቱን ሳህን ከላይ ያስቀምጡ፤ እሳቱን ዝቅ አድርገው ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለ2 ሰዓት ያቆዩት። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ዘይቱ ጣት የሚያስደነግጥ ግን የማይፈጅ ሙቀት ይኑረው፤ ከፈላ በዝቷል። በሻሽ ያጥልሉት፣ ሌሊቱን ይዝቀጥ፣ ጠዋት ላዩን ብቻ በቡና ወረቀት ማጥለያ ያውርዱት። ዝቃጩን ከተዉት ቅባቱ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ የሚያቀልመውም በአብዛኛው እሱ ነው።

እርጥብ እርድ ፈቅፍቆ ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም። ውሃው ዘይቱ ውስጥ ይቀርና ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባበታል፤ አየር በማይገባበት ዘይት ውስጥ የሚያድገው ባክቴሪያ አደገኛም ሊሆን ይችላል። የኑግ ዘይትም አይመከርም፤ ቶሎ ይሸታል።

ለ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ዘይት 20 ግራም ንጹሕ ሰፈፍ ይበቃል። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላሉ 25 ግራም ይሁን፤ በሙቀት ያልቀለጠ ቅባት እንዲኖራችሁ። ሰፈፍ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በውሃው ድስት ላይ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ትንሽ ጠብታ ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ አድርገው ይሞክሩት፦ ከጠነከረ ዘይት፣ ከላላ ሰፈፍ ይጨምሩ። በጥቁር ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ይቅዱ። ጨለማ ቦታ ሦስት ወር ያህል ይቆያል። ቀለሙ መንጣት ከጀመረ ብርሃን አግኝቶታል፤ ሽታው ከተለወጠ ይጣል።

ሳሙና በእርድ የሚሠሩ ሰዎች ቢጫ ጠብቀው የጡብ ቀለም ሲያገኙ ይደነግጣሉ። የሳሙናው አልካሊ የሠራው ነው። ሳሙናው ሲበስል ወደ ብርቱካን ይመለሳል፣ መስኮት ዳር ካስቀመጡት ደግሞ ይነጣል። እዚያ እርዱ ለመልክ ብቻ ነው፤ ለቆዳ ይጠቅማል ብሎ ዋጋ መጨመር ገዢን ማታለል ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ክሬም ሲገዙ ዝርዝሩ ላይ «ቴትራሃይድሮከርኩሚን» የሚለውን ይፈልጉ። ከከርኩሚን የሚሠራ ነው፤ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፣ ልብስ አይነካም፣ ከእናቱም ይልቅ ይረጋል። ክሬም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይገባል። «የእርድ ዘይት» የሚለው ግን መዓዛው ብቻ ነው፤ በእንፋሎት የተጣራ ዘይት ውስጥ ከርኩሚን የለም። «በአንድ ሳምንት ያነጣል» የሚል የእርድ ክሬም ካዩ ይሽሹ። እንዲህ በፍጥነት የሚያነጡ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኩዊኖን ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ዕቃው ላይ ቢጫ ሥር ቢሣልበትም።

ነጠብጣቡን ስለማስለቀቅ፦ ከቆዳ ላይ በመጀመሪያ ዘይት የነካ ጥጥ፣ ቀጥሎ ሳሙና። ከነጭ ነጠላ ላይ በሳሙና ሲያጥቡት ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል፤ አይደንግጡ፣ በረኪናም አይድፉበት። በደንብ አለቅልቀው እርጥቡን ፀሐይ ላይ ይስጡት፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ አብዛኛውን ይወስደዋል።

ምግብ ውስጥ

እዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ የአልጫ አሠራር ራሱ ትክክል ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ወይም በቅቤ ሲቁላላ እርዱን መጨመር፣ ቁንዶ በርበሬውን መጨረሻ ላይ። ለስድስት ሰው የሚሆን ክክ አልጫ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ይመራል። በሻይ ውሃ አፍልቶ መጠጣት ግን ከርኩሚኑን ብርጭቆው ሥር ትቶ መሄድ ነው፤ ወተት ወይም ሌላ ስብ ያስፈልገዋል።

ካፕሱል

ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ገደማ ነው፤ 3 በመቶው ከርኩሚን ቢሆን 90 ሚሊ ግራም። «500 ሚሊ ግራም፣ 95 በመቶ ከርኩሚኖይድ» (ከርኩሚንና የቅርብ ዘመዶቹ) የሚል አንድ ካፕሱል ደግሞ 475 ሚሊ ግራም ይዟል። ከአምስት የሻይ ማንኪያ እርድ በላይ በአንድ ጉርሻ ማለት ነው። ከርኩሚን ለምግብ ማቅለሚያነት ኢ100 ተብሎ ሲፈቀድ፣ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢበላ ችግር የለውም የተባለው መጠን በኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊ ግራም። ካፕሱሉ በአንዴ ያልፈዋል። «ቅመም ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለው አነጋገር የማያስኬደው ለዚህ ነው።

የጠርሙሱን ጀርባ ሲያነቡ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። «የእርድ ሥር ዱቄት 1000 ሚሊ ግራም» ማለት ቤትዎ ያለው እርድ በውድ ዋጋ ነው፤ ከርኩሚኑ 30 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። «95 በመቶ ከርኩሚኖይድ» የሚለው የተጣራው ነው። ሦስተኛው ላይ ፒፐሪን፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬ የተወጣጣው፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ተጨምሮበታል። አራተኛው ፋይቶሶም፣ ሚሴል፣ ናኖ የሚሉት ነው፤ በስብ ተጠቅልሎ ወይም በጣም ደቅቆ ወደ ደም በብዛት እንዲገባ የተሠራ። የአራተኛውን ሚሊ ግራም ከሁለተኛው ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ደም ውስጥ የሚገባው ሊበልጥ ይችላል። የከርኩሚኑን መጠን ለብቻው የማይጽፍ ምርት አይግዙ። የካፕሱሉን ሽፋንም ይመልከቱ፦ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራ ነው፤ ለጿሚም ለሙስሊምም የሚሆነው ከሴሉሎስ የተሠራው ነው።

ስለ ፒፐሪን የሚጠቀሰው ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጥናት የመጣ ነው፦ 2 ግራም ከርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የገባው በ2000 በመቶ ጨመረ። ቁጥሩ እውነት ነው። ያለ ፒፐሪን የገባው ግን ከምንም የማይቆጠር ስለነበረ፣ በ20 እጥፍ ቢባዛም ብዙ አይሆንም። ፒፐሪን ደግሞ ይህን የሚያደርገው አንጀትና ጉበት ባዕድ ነገር የሚያስወግዱበትን መንገድ በማዘግየት ነው፤ ከርኩሚንን ብቻ መርጦ አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ የልብ መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎልና ለአስም የሚሰጠው ቴኦፊሊን በፒፐሪን ምክንያት ደም ውስጥ ከፍ እንደሚሉ ታይቷል።

ይረዳል የሚያሰኝ የተሻለ ማስረጃ ያለው ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ነው። ጥናቶቹ በብዛት የተጠቀሙት በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ የተጣራ ከርኩሚኖይድ፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። ከሐኪም ጋር ተነጋግረው የሚሞክሩ ከሆነ 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱ፤ ባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። 12 ሳምንት ላይ ለውጥ ከሌለ ያቁሙ። ለቆዳ ውበት ተብሎ የሚዋጠው ከርኩሚን ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም።

የሚከተሉት ሰዎች ካፕሱሉን ሐኪም ሳይፈቅድ አይውሰዱ (ወጥ ውስጥ ያለው እርድ አያሳስብም)፦

- የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል። ቀዶ ሕክምና የቀጠሩም ከሁለት ሳምንት በፊት ያቁሙ።
- የሐሞት ጠጠር ያለባቸው። 20 ሚሊ ግራም ከርኩሚን እንኳ የሐሞት ከረጢትን እንደሚያኮማትር ታይቷል፤ ጠጠር ካለ ያ ማለት ሕመም ነው።
- ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች።
- የብረት እጥረት የደም ማነስ ያለባቸው። ከርኩሚን ብረትን ይይዛል።
- የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ። ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።
- ጉበታቸው ታሞ የሚያውቅ።
- የኦክሳሌት ኩላሊት ጠጠር የሚመላለስባቸው። ለእነዚህ የሚብሰው የሥሩ ዱቄት ነው፤ ኦክሳሌቱ በብዛት ያለው እዚያ ነው።

የጉበቱ ነገር ሰፋ ተደርጎ ይታይ። ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ከከርኩሚን ካፕሱሎች ጋር የተያያዙ የጉበት መቆጣቶች ተመዝግበው፣ ጤና ባለሥልጣናት ምርቶቹ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዋል። አሜሪካ ውስጥ የተመረመሩ ሕሙማን አብዛኞቹ ኤችኤልኤ ቢ 35፡01 የሚባል የዘር ምልክት ነበራቸው፤ ማን እንዳለው በዓይን አይታወቅም። ጉዳቱ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀመሩ ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ወደ ደም በብዛት እንዲገቡ የተሠሩትና ፒፐሪን ያለባቸውም በብዛት ተጠቅሰዋል።

ከርኩሚን ሰገራን ቢጫ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው፤ አያስፈራም። የዓይን ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ሽፍታ ሳይኖር ሰውነት ካሳከከ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ካመመ ወይም ምግብ ካስጠላ ግን ካፕሱሉን በዚያው ቀን ያቁሙና ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፤ «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል ብዙ ሰው እርድን ስለማይቆጥረው አይናገርም፣ ሐኪሙም ሌላ ምክንያት ሲፈልግ ቀናት ያልፋሉ። የጉበት ምርመራው የደም ናሙና ብቻ ነው የሚጠይቀው። ካፕሱሉ ሲቆም አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናል፤ መልሶ መጀመር ግን ክልክል ነው፣ በሌላ ስም የተሸጠውንም ቢሆን።